«ዋይድሊ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ የምን ስፋት ነው?

በዳላስና በፎርት ወርዝ፥ በጋርላንድና በሪቻርድሰን፥ በኧርቪንግና በአርሊንግተን፥ እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉት ከተሞች ለምትኖሩ ወገኖቻችን የምናቀርበው የቋንቋ ትምህርት በዛሬው ክፍሉ የሚመለከተው፥ በእንግሊዝኛ «ዋይድሊ» ተብሎ የሚነገረውን፥ እኛም አብዛኛውን ጊዜ «በሰፊው» ወይም «በስፋት» ብለን የምንተረጕመውን አንድ ቃል ነው። ቃሉ አጭር፥ አነባበቡም ቀላል ቢሆን፥ ከጋዜጣ ዐምድ እስከ ኢንሹራንስ ደብዳቤ፥ ከኮሌጅ መማሪያ መጽሐፍ እስከ ምሽቱ የአየር ጠባይ ትንበያ ድረስ የማይገባበት ስፍራ የለምና፥ ትርጕሙን ለይቶ ያላወቀ ሰው ንባቡ በጆሮው እየገባ ምሥጢሩ ሊያመልጠው ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ አፈጣጠር ጥቂት እንናገር። «ዋይድ» ሰፊ ማለት ሲሆን ቅጽል ነው፤ በመጨረሻው «ሊ» የተባለችው ምዕላድ ስትጨመርበት ግን የሰዋስው መምህሮቻችን ተውሳከ ግስ ወደሚሉት ክፍል ተሻግሮ፥ ድርጊቱ እንዴት ወይም እስከ ምን ድረስ እንደ ተፈጸመ የሚያስረዳ ይሆናል። ይህች «ሊ» መምሰልን ከሚያመለክተው «ላይክ» ከተባለው ቃል ጋር በጥንተ ትውልድ ዘመዳሞች ናቸው። የእኛው ግዕዝ ለዚሁ ጉዳይ የመጨረሻውን ፊደል ወደ ግዕዝ ድምፅ በመመለስ «ፈድፋደ» እንደሚል፥ አማርኛም «በ»ን ከፊት አስቀድሞ «በሰፊው»፥ «በብዛት»፥ «በእጅጉ» እንደሚል፥ እንግሊዝኛ ደግሞ ይህን ከኋላ በምትቀጠል ምዕላድ ይፈጽመዋል። አፈጣጠሩ ይህን ያህል ነው፤ ብዙ የሚያስቸግር ነገር የለበትም።

የሚያስቸግረው ትርጕሙ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በየፈርጁ ሲያብራሩት እንደምናውቅ፥ ይህንንም ቃል እንዲሁ በየፈርጁ ማየት ይገባል፤ አንድም ስፋቱ የቦታ ነው፤ አንድም የሰው ነው፤ አንድም በነገርና በነገር መካከል ያለ ርቀት ነው። ስለዚህ «ዋይድሊ» የሚለውን ቃል በሰማችሁ ወይም ባነበባችሁ ቍጥር «የምን ስፋት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዛሬ የማስተምረው ነገር ሁሉ የተመሠረተው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ከቦታው ስፋት እንጀምር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1974 ለመንገደኞች አገልግሎት የተከፈተው የዳላስ ፎርት ወርዝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ 70 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ይዞ ከኒው ዮርክ ከማንሃታን ደሴት ይበልጣል፤ ነገር ግን ይህን የመሰለው ግዝፈት ለ«ዋይድሊ» ጉዳይ አይሆንም፤ ማረፊያው ምንም ቢሰፋ አንድ ስፍራ ነውና። «ዋይድሊ» የሚናገረው በብዙ ስፍራ ስለ መዳረስ ነው። እ.ኤ.አ. የ1980 የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደዚህ አገር የገቡት ወገኖቻችን ጤፍን በምኞት እንጂ በገበያ አያገኙትም ነበር፤ ዛሬ ግን በዳላስና በጋርላንድ በየሀበሻ ሱቁ ትኵስ እንጀራ በላስቲክ ታሽጎ ስለሚሸጥ፥ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህንን «ዋይድሊ አቬይለብል» ይለዋል፤ በየስፍራው ይገኛል ማለቱ ነው። ልብ በሉ፤ በየሱቁ ያለው እንጀራ አምስት ይሁን አምስት መቶ ቃሉ ስለዚያ አንዳች አልተናገረም፤ የሱቁን መብዛትና መራራቅ ብቻ ነው የነገረን።

የሰው ስፋት ሲሆን ደግሞ ነገሩ የሚለካው በሚያውቁት፥ በሚያምኑት ወይም በሚጠቀሙበት ሰዎች ብዛትና ልዩ ልዩነት ነው። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ፥ በተለይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ፊደል ያልቈጠረው ሳይቀር ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አውቋቸዋል። ስለዚህ መጽሐፉን «ዋይድሊ ኖውን» ብንለው እውነት ነው፤ ብዙ ዓይነት ሰው በብዙ አገር ያውቀዋልና። «ዋይድሊ ሬድ» የሚለው አነጋገር ግን ለመጽሐፍም ለሰውም ይነገራል፤ ለመጽሐፍ ሲነገር «ብዙ ሰው ያነበበው» ሲሆን፥ ለሰው ሲነገር ግን «ብዙ ዓይነት መጽሐፍ ያነበበ» ማለት ይሆናል። አንድ ጊዜ ስፋቱ የአንባቢዎቹ ነው፥ ሁለተኛው ጊዜ የመጻሕፍቱ ነው። ይህን የመሰለ ረቂቅ መገለባበጥ በቋንቋ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚያስደስት ነገር ይመስለኛል።

እዚህ ላይ በዝርዝር ላሳስባችሁ የምወደው «ዋይድሊ ቢሊቭድ» የሚለውን ነው። ጋዜጠኛ አንድን ነገር «ዋይድሊ ቢሊቭድ» ነው ብሎ ሲጽፍ ብዙ ሰው ያምነዋል ማለቱ እንጂ እውነት ነው ብሎ መመስከሩ አይደለም፤ ስፋቱ የአማኞቹ ነው፥ የእውነቱ አይደለም። የዚህን ልዩነት ዋጋ የሚያሳይ ምሳሌ በዚሁ በምንኖርበት ክልል አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1991 በካንሳስ አውራ ጎዳና ላይ ይጓዙ የነበሩ የቴሌቪዥን ሠራተኞችና ሌሎች መንገደኞች ቶርኔዶ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሲደርስባቸው ከድልድይ ሥር ተጠግተው በሕይወት ተረፉ፤ የቀረጹትም ፊልም በየቴሌቪዥኑ ታየና፥ በመንገድ ላይ ቶርኔዶ ያጋጠመው ሰው ከድልድይ ሥር ቢገባ ይድናል የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ ተሠራጨ። ነገር ግን ከስምንት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1999፥ በኦክላሆማ ኃይለኛ ቶርኔዶ በወረደ ጊዜ ከድልድይ ሥር ከተጠለሉት ሰዎች ሦስቱ ሞቱ፥ ሌሎችም ክፉኛ ቈሰሉ። ከድልድይ ሥር ያለው ጠባብ ክፍተት ነፋሱን ሊያበረታው ይችላል፤ ወደ ድልድዩ ሆድ ለመጠጋት ዳገቱን የወጣ ሰው ከመሬት ከፍ ስለሚል ነፋሱና ነፋሱ የሚወረውረው ብረትና እንጨት ይበልጥ ያገኘዋል። የብሔራዊው የአየር ጠባይ አገልግሎት ባለሙያዎች ድልድይ መጠለያ አይደለም እያሉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል፤ እምነቱ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። ይህ እንግዲህ «ዋይድሊ ቢሊቭድ» የሆነ፥ ነገር ግን ነፍስ የሚያስጠፋ ስሕተት ነው። በሠላሳ አምስተኛው ኢንተርስቴት ላይ ቀንና ሌሊት የምትመላለሱ አሽከርካሪ አድማጮቻችን ይህን ከቃል ትምህርት በላይ አድርጋችሁ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሦስተኛው አንድምታ፥ ማለት በነገርና በነገር መካከል ስላለው ርቀት እንመጣለን፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተውም ይህ ነው። «ቬሪ» የሚለው ግስ መለያየት ነውና፥ «ቬሪ ዋይድሊ» ሲባል፥ ለምሳሌ ስለ ዋጋ ቢሆን፥ ዋጋው ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል ማለት ነው፤ በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ የጠየቀ ሰው ከአንዱ ድርጅት የሰማው ዋጋ ከሌላው እጥፍ ሊሆን ስለሚችል፥ ይህ አነጋገር ተጨማሪ እንዲጠይቅ የሚመክረው ምክር ነው። እስከዚህ ድረስ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የአየር ጠባይ ተናጋሪው «ዋይድሊ ስካተርድ ስቶርምስ» ያለ እንደ ሆነ ነው።

ይህን የሰማ ወገናችን «ዋይድሊ»ን «በሰፊው»፥ «ስካተርድ»ን «የተበተነ» ብሎ በየቃሉ ቢተረጕመው፥ «በሰፊው የተበተነ ማዕበል» የሚል ያገኝና አገሩ ሁሉ በዝናብና በመብረቅ የሚሸፈን ይመስለዋል። እውነተኛው ትርጕም ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ስፋቱ በማዕበልና በማዕበል መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነውና፥ ክፍተቱ ሲሰፋ ማዕበሉ ያንሳል፤ በቆላ ሜዳ ላይ አለፍ አለፍ ብለው እንደሚታዩት ግራሮች፥ አንዱ እዚህ፥ ሌላው ከብዙ ርቀት በኋላ እዚያ ይሆናል። አማርኛችን ለዚህ «አለፍ አለፍ ብሎ» የሚል ውብ አነጋገር ስላለው፥ «አለፍ አለፍ ብሎ የሚጥል ማዕበል» ብንል ምሥጢሩ ሳይጐድል ይተላለፋል። አገሩን ሁሉ የሚያዳርሰው ዝናብ ሲሆን ግን የሚነገረው «ዋይድስፕሬድ» በሚለው ቃል ነው፤ «ስፕሬድ» መዘርጋት ስለ ሆነ፥ ዝናቡ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ክፍተት አይተውም። ሁለቱም ቃላት ከ«ዋይድ» ተወልደው አንዱ ወደ ጥቂት፥ ሌላው ወደ ሁሉ ይወስዳል።

የዳላስንና የፎርት ወርዝን ትንበያ የሚያወጣው የብሔራዊው የአየር ጠባይ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በፎርት ወርዝ ከተማ ነው። የዚህ አገልግሎት ባለሙያዎች እነዚህን ቃላት እንደ ፈቀዱ አይጠቀሙባቸውም፤ በተለመደው አሠራራቸው «ስካተርድ» ሲሉ ከ30 እስከ 50 ከመቶ፥ «ኑመረስ» ሲሉ ከ60 እስከ 70 ከመቶ የሚሆነውን አካባቢ ማለታቸው ነው፤ «አይሶሌትድ» ያሉት ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ፥ ብቻውን ተነጥሎ የሚጥል ነው። ነገር ግን ማዕበሉ ጥቂት ነው ማለት ደካማ ነው ማለት አይደለም። አለፍ አለፍ ብሎ ከሚመጣው ማዕበል አንዱ በማን ሰፈር ላይ እንደሚወርድ አስቀድሞ አይታወቅምና፥ የወረደበት ሰፈር መከራውን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2015፥ ፈረንጆቹ ገናን ባከበሩ ማግሥት፥ ከብዙ ወገኖቻችን ከተማ ከጋርላንድ እስከ ራውለት ያለፈው ቶርኔዶ የ10 ሰዎችን ሕይወት በአንድ ምሽት ሲቀጥፍ፥ የቀረው የሰሜን ቴክሳስ ክፍል እጅግ ብዙው ምንም አልደረሰበትም። ስለዚህ «ዋይድሊ ስካተርድ» የሚለውን የሰማ ሰው ያለ ልክ አይደንግጥ፤ ነገር ግን ቃሉ የሚናገረው ስለ ብዛት እንጂ ስለ ኃይል አለመሆኑን ዐውቆ ስልኩን ከአጠገቡ አያርቅ።

ቀጥሎ የምንመለከተው «በሰፊው» የሚለው የእኛው ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር የሚያመጣውን ችግር ነው። እንበልና አንዲት እናት ስለ መኖሪያ ፈቃዳቸው ጉዳይ ከጠበቃ ቢሮ ወጥተው፥ በር ላይ የሚጠብቃቸው የእኅታቸው ልጅ «እትዬ፥ ጠበቃው ምን አሉዎት?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ «እግዜር ይስጣቸው ልጄ፥ አንድም ሳያስቀሩ በሰፊው አስረዱኝ» ይሉታል። ይህ ወጣት በማግሥቱ ጉዳዩን ለምትከታተለው ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኛ ሲናገር «ዋይድሊ ኤክስፕሌይንድ» ቢል፥ ሠራተኛዋ ጠበቃው የእኚህን እናት ምሥጢር በየቦታው ለብዙ ሰው የተናገሩ ይመስላት ይሆናል። ይህን ፈርቶ «ብሮድሊ» ቢል ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ይገለበጣል፤ «ብሮድሊ» ማለት በጥቅሉ፥ ወደ ዝርዝሩ ሳይገቡ ማለት ነውና፥ ጠበቃው ዋና ዋናውን ብቻ ነክተው አለፉ የሚል ትርጕም ይሰጣል። እትዬ የተናገሩት ግን የዝርዝሩን ሙላት ነበር፤ ለዚህ እንግሊዝኛ ያለው አነጋገር «ኢን ዲቴይል» ነው፤ ሰዎች ረጅም ጊዜ ወስደው ሲወያዩ ደግሞ «አት ሌንግዝ» ይባላል። እንግሊዞች በስፋት ፈንታ ርዝመትን ወሰዱ፤ እኛ የሰፋ የምንለውን ነገር እነርሱ የረዘመ ይሉታል።

«ብሮድሊ» በስምምነትም ላይ እንዲሁ ነው። ቤት አከራይ ወይም አሠሪ «ብሮድሊ አግሪ» ብሎ ቢጽፍላችሁ በዋናው ነገር ተስማምቻለሁ፥ በዝርዝሩ ግን ገና የምለው አለኝ ማለቱ ነው፤ «ሙሉ በሙሉ ተስማማ» ብሎ መደሰት አይገባም። «ላርጅሊ» የሚለውም ዘመዳቸው «በአብዛኛው» ማለት ሲሆን፥ ሁልጊዜ ከኋላው የቀረ ነገር እንዳለ ያመለክታል፤ የሕክምና ኢንሹራንስ «ላርጅሊ ካቨርድ» ቢል የቀረውን የሚከፍለው ታካሚው ነው።

ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፥ ቃላቱን ብቻቸውን ከመደርደር ይልቅ በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የሚተረጕም በመሆኑ፥ በዚያው ዓመት ከወጣው ከዶክተር አምሳሉ አክሊሉና ከሞዝባክ መዝገበ ቃላት ጋር እየተመሳከረ ቢነበብ ለእንዲህ ያለው ጥናት እጅግ ይረዳል። በሪችላንድ ወይም በሌላው የዳላስ ኮሌጅ ቅጥር ግቢ እንግሊዝኛ የምትማሩ ወጣቶች፥ በስልካችሁ ላይ ያለው ትርጕም ሰጪ አንድ ቃል በአንድ ቃል ሲመልስላችሁ አትርኩ፤ ቃሉ ከማን ጋር ተቀምጦ እንደሚነገር መርምሩ። «ዋይድሊ» አዘውትሮ የሚቀመጠው ከ«ኖውን»፥ ከ«ዩዝድ»፥ ከ«አቬይለብል»፥ ከ«አክሴፕትድ» በፊት፥ «ቬሪ»፥ «ዲፈር»፥ «ትራቭል» ከሚሉት ግሶች ግን በኋላ ነው።

ደግሞ ልብ ማለት የሚገባው፥ የዘመን ስፋት በ«ዋይድሊ» አይነገርም፤ ለእርሱ ሌላ ቃል አለ። ለዜግነት የሚሞላው «ኤን 400» የተባለው ቅጽ ጥያቄዎቹን ሲያቀርብ «ኤቨር» የሚለውን ቃል በትልልቅ ፊደላት ይጽፈዋል፤ ይህም ከተወለዳችሁበት ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ፥ በአሜሪካም በኢትዮጵያም በሱዳንም ቢሆን፥ አንድ ጊዜም እንኳ ማለት ነው። ኧርቪንግ ባለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው መርማሪው «ኤቨር» ሲለው ስለዚህ አገር ኑሮው ብቻ የተጠየቀ መስሎት በችኰላ «የለም» እንዳይል፥ የአባልነትና የውትድርና ዘመኑን፥ የታሰረበትም ጊዜ ቢኖር ያንን ጭምር አስታውሶና ከጠበቃ ጋር ተመካክሮ መልሱን ያዘጋጅ።

በመጨረሻ ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች የሚሆን አንድ ነገር እንጨምር። የፌዴራሉ ሕግ የንግድ መኪና የሚነዳ ሰው የመንገድ ምልክቶችን የሚያነብበትና ከተቈጣጣሪ ጋር የሚነጋገርበት እንግሊዝኛ እንዲያውቅ ያዝዛል፤ እ.ኤ.አ. ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮም በመንገድ ላይ በሚደረገው ምርመራ ይህን ያላሟላ አሽከርካሪ ከሥራ እንዲታገድ ተደርጓል። ሲዲኤል ለተባለው የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና የሚያዘጋጀው መጽሐፍ ስለ መታጠፍ ሲያስተምር «ተርን ዋይድ» ይላል እንጂ «ተርን ዋይድሊ» አይልም። «ዋይድ» ያለ «ሊ» ራሱ ተውሳከ ግስ ሆኖ የሚያገለግልባቸው ጥቂት አነጋገሮች አሉና፤ የጥርስ ሐኪም «ኦፕን ዋይድ» ብሎ አፋችሁን ያስከፍታችኋል፤ እንቅልፍ ያልያዘውም ሰው «ዋይድ አዌክ» ይባላል። እነዚህ ሁሉ የአንድ ነገር አካል ሲሰፋ ወይም ሲከፈት የሚነገሩ ናቸው። ወርዱ ሕግ ከፈቀደው ከ102 ኢንች ያለፈ ጭነት የያዘ መኪናም «ዋይድ ሎድ» ይባላል፤ እዚህ ግን «ዋይድ» ቅጽል ነውና «ዋይድሊ» ሊመጣበት አይችልም።

እንግዲህ እስከሚመጣው ሳምንት በቤታችሁ የምትሠሩት ይህ ነው። «ወሬው በከተማው በሰፊው ተሰማ»፤ «መምህሩ ትምህርቱን በሰፊው አብራራ»፤ «የሁለቱ ወንድማማቾች ጠባይ እጅግ ይለያያል»፤ «ዛፎቹ ራቅ ራቅ ተደርገው ተተክለዋል»። ከእነዚህ ከአራቱ «ዋይድሊ»ን የሚቀበሉትን ሦስቱን ለዩና፥ በእያንዳንዱ ስፋቱ የምን እንደ ሆነ አጠገቡ ጻፉ፤ የማይቀበለውንም አንዱን በምን ቃል እንደምትተረጕሙት አስቡበት።